እግር ያለው ቃል

(ጎንደር ላይ ለቋንቋ ወዳጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የዘለልኩትን ጨምሬ፣ ያንዛዛሁትን ቆርጬ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ገበያውን ትታችሁ ስለ አንድ ቃል ለመስማት መምጣታችሁ እኔንም ገርሞኛል።

ወደዚህ ስመጣ ከማራኪ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ወጣት ነው፤ ጨዋታ ይወዳል። «ጋሼ፣ እንዲህ ዘንጠህ ወዴት ነው?» አለኝ። «ንግግር አለብኝ» አልኩት። «ስለ ምን?» «ስለ ተቃውሞ።» በመስታወቱ አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆች የሉህም እንዴ?» አለኝ።

ይኸው እናንተም ሳቃችሁ። የሳቃችሁት ነገሩ ስለገባችሁ ነው። ተቃውሞ ሲባል ድንጋይ፣ የተቃጠለ ጎማና የተዘጋ ሱቅ ነው የሚታየን። ሰው ላይ ስንለጥፈው ደግሞ ይብሳል። «እሱ ተቃዋሚ ነው» ከተባለ ምኑን እንደሚቃወም የሚጠይቅ የለም። ሙያ ይመስል! «እሱ አናጢ ነው» እንደማለት።

ፖለቲካውም ቃሉን ሳይሸሸው አልቀረም። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በበዓለ ሲመታቸው ንግግር ተቃዋሚ ይባሉ የነበሩትን ፓርቲዎች «ተፎካካሪ» ብለው ጠሩ። ቃሉ ለዘብ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው ወደደው። ዛሬ ዜናውም ስብሰባውም በእሱ ነው የሚናገረው። ሐሳቡ ይገባኛል፤ ጠላትነቱን ለማስቀረት ነው። በቃሉ ግን ቅር ይለኛል። ተፎካከረ የመጣው ከፎከረ ነው። ፉከራ ምን እንደሆነ ደግሞ ለጎንደር ሰው አይነገርም። ፎካሪው ዘራፍ ብሎ ይነሳል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ አባቱን ይጠራል። ሲጨርስ እልል ይባልለታል። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ሁለተኛው ላይ ግን አልስማማም» ብሎ ለፎካሪ የመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም። ፉከራ ምክንያት አይጠይቅም። ተቃውሞ ይጠይቃል።

እስቲ ቃሉን እንፍታው። ከግዕዝ የመጣ ነው። ግንዱ ቆመ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም፤ በሁለት እግር መቆም ማለት ነው። ከዚሁ ግንድ የበቀሉትን አስታውሱ። አቋም። ቁመት። ተቋም። ቁም ነገር። ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ መቋሚያ አለ፤ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው ሲያድሩ ከእጃቸው የማይለየው ዘንግ። አቋቋም አለ፤ ማኅሌቱ በዜማና በመቋሚያ የሚቆምበት ሥርዓት። ስለ አቋቋም ጎንደር ላይ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ የትምህርቱ ማስመስከሪያ እዚሁ በአታ ቤተ ክርስቲያን አይደል? እንግዲህ ተቃውሞ የእነዚህ ሁሉ ወንድም ነው። ከድንጋይ ውርወራ ጋር ያዛመድነው እኛ ነን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ተቃወመ ብላችሁ ስትጽፉ «ተ» ከፊት ትመጣለች፣ ቀጥሎ ያለው ፊደል ራብዕ ይሆናል፤ «ቃ»። ይህን ቅርጽ በብዛት የምናገኘው ሥራው ሌላ ሰው ሲፈልግ ነው። ተማከረ። ተካፈለ። ተሟገተ። ብቻውን ተካፈለ የሚባል ሰው የለም። ብቻውን የተሟገተ ካለ ዘመዶቹ ጸበል ይውሰዱት። ተቃወመም እንደዚያው ነው። የቃሉ አጥንት ላይ ሁለተኛ ሰው ተጽፏል። ፊት ለፊት የቆመ ሰው።

ኩርፊያ ብቻን ይሆናል። ሐሜት ሰውየው በሌለበት ነው የሚጥም። ጎንበስ ብሎ ማሳለፍም የኛ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ዝም አይነቅዝም እያልን ስንት ነገር አሳልፈናል። ለተቃውሞ ግን ሰውየው ፊት መቆም ግድ ነው።

ለዚህ የማውቀው ትልቁ ምሳሌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ነው። ገላትያ ምዕራፍ 2። ጴጥሮስ አንጾኪያ ላይ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር አብሮ ይበላ ነበር። በኋላ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች መጡ። ጴጥሮስ «ምን ይሉኛል» ብሎ ፈራ። ከማዕዱ አፈገፈገ፣ ተለየ። ጳውሎስ ይህን አየ። ምን እንዳደረገ በአማርኛው በሁለት ቃል ተኩል ተጽፏል። «ፊት ለፊት ተቃወምሁት።»

ቀስ ብላችሁ እዩት። ጴጥሮስ ታላቅ ነው፤ አለቃ ነው ማለት ይቻላል። ጳውሎስ ኋላ የመጣ ነው፤ ያውም አሳዳጅ የነበረ። ደብዳቤ ጽፎ ለሌላ አልከሰሰውም። የራሱን ማኅበር ይዞም አልወጣም። በሁሉም ፊት ነገረው። የነገሩ መነሻ ደግሞ እንጀራ ነው፤ ከማን ጋር ይበላል የሚል። አሁን የቀን መቁጠሪያችሁን አውጡ። ሐምሌ 5 ምንድን ነው? ጴጥሮስ ወጳውሎስ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ቀን። በማዕድ ምክንያት ፊት ለፊት የተቃወሙትን ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን እያሰብን እኛም ማዕድ እንቀርባለን። ይህንን ያሰበበት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። እኔ ግን በየዓመቱ ዶሮው ሲቀርብ ትዝ ይለኛል።

እዚያው ላይ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን እንደቆሙ አያችሁ? የፈራው ተለየ። ያልፈራው ተቃወመ። እኛ ዛሬ ገልብጠነዋል። ጨዋ ለመምሰል «ልዩነት አለኝ» እንላለን፤ «እቃወማለሁ» ማለት ግን ነውር ሆኗል። ልዩነት መጥፎ ቃል ነው እያልኩ አይደለም። ፍርድ ቤቶቻችን የሚጠቀሙበት እሱን ነው። የሰበር ችሎት ውሳኔዎችን ያነበበ ያውቃል። ዳኞቹ ካልተስማሙ አብላጫው ውሳኔውን ይጽፋል። ያልተስማማው ዳኛ ደግሞ ከታች «የሐሳብ ልዩነት» በሚል ርዕስ ምክንያቱን ይዘረዝራል፤ ይፈርማል። ተሸንፏል፤ ግን በዚያው ወረቀት ላይ ነው ያለው። ይህን እወደዋለሁ። ቃሉን ብቻ ነው የማልወደው። ሰው ሲሞትም ተለየን ነው የምንለው። ዳኛው አልተለየም፤ በነጋታው እዚያው ወንበር ላይ ነው።

የድሮው ሙግት ይህን በጨርቅ ሳይቀር ያሳይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። የተጣላኸውን ሰው ይዘህ ትበላለህ፣ ይዘህ ትሄዳለህ። መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ከተባለም አላፊ አግዳሚው ዳኛ ሆኖ ይሰማል። በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል የለ? ተመልከቱ፣ እዚህም መቆም ነው። በእርግጥ ያው ሕዝብ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሏል። መቆሚያው እስከየት እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልምጣ። ይህን ለመናገር ነው የመጣሁት ብል ይሻላል።

ከዓመታት በፊት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ እሑድ መዋጮው ከ50 ብር ወደ 100 ከፍ ይበል፣ በተጨማሪው ድንኳንና ወንበር እንግዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሰብሳቢው «የሚደግፍ» አለ። እጅ እንደ ማሽላ ቆመ። «የሚቃወም» አለ፤ ግን እንዴት እንዳለው ታውቁታላችሁ። መልስ ሳይጠብቅ፣ ፊቱን ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እያዞረ። ከኋላ አንድ ሰው ብድግ አሉ። እድሜያቸውን በሙሉ ድንጋይ ሲጠርቡና ሲክቡ የኖሩ ግንበኛ ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው።

«እኔ እቃወማለሁ» አሉ።

«ጋሼ፣ ይተዉት እንግዲህ። ቤቱ ተስማምቷል።»

«አልፏል፣ አይቻለሁ። ይጻፍልኝ ነው ያልኩት።»

«ምን ተብሎ?»

«ሦስት ወር ያልከፈለ ይሰረዛል ብላችኋል። ከቀሃ ወንዝ ማዶ ያሉት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች በ100 ብር ሦስት ወር አይዘልቁም። ድንኳን ተከራይቶ መቅበር ይቻላል። ሰው ሰርዛችሁ ማንን ልትቀብሩ ነው?»

ዝም ተባለ። ከዚያ ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አለፈ። እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ነበር። ምን ጻፍኩ? «ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» አንድ ሰው ነው ብዬ። ደግሞ «በሙሉ ድምፅ» ሲጻፍ ደስ ይላል፤ ቃለ ጉባኤው ይሞላል።

በነጋታው ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። መጀመሪያ ከኪሳቸው ሁለት ጊዜ የታጠፈ 100 ብር አወጡና «የዚህ ወር» አሉኝ። ከእድሩ አባላት አዲሱን መዋጮ የከፈለ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። ከዚያ መዝገቡን ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱ ጆሮ በክር የታሰረ መነጽር ነው። ጣታቸውን ከመስመሩ ስር እየሳቡ አነበቡ። ጣታቸው «በሙሉ ድምፅ» ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የኔ ድምፅ ሙሉ አልነበረም እንዴ?»

ገጹ ተፈርሞበታል፣ አሁን መነካካት ይከብዳል ምናምን አልኩ። አልተቆጡም። መነጽሩን እያጠፉ የተናገሩትን ግን እስከዛሬ አልረሳሁም። «ድጋፍ ድጋፍ ትላላችሁ። እኔ ግንበኛ ነኝ። ድጋፍ የሚሰጠው ላዘመመ ግድግዳ ነው። ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምትፈልገውን ቱንቢ ነው የምትጥልለት።»

ይኼን ሰምቼ ነው ስለ ቃላት ማሰብ የጀመርኩት። እውነት ነው እኮ። ቱንቢ ግድግዳው መቅናቱን የሚያሳይ፣ ጫፉ ላይ ክብደት የተንጠለጠለበት ክር ነው። ደገፈ እንጨት ነው፣ ምርኩዝ ነው። ስብሰባ ላይ «ሙሉ ድጋፍ አገኘ» ሲባል እንደ ሙገሳ እንሰማዋለን። ለግንበኛ ግን «ሊወድቅ ነው» ማለት ነው።

ጥቂት ወራት ቆይቶ መክፈል ያቆሙ መጡ። የሚሰረዙ ስሞች ሲነበቡ ስብሰባው ላይ ጉርምርምታ ሆነ። «ይህን ማን ገመተ?» አለ አንዱ። የገመተ ነበር። መዝገቡ ግን አያውቀውም። ጋሼ እዚያው ከኋላ ተቀምጠው ነበር። አንድም ቃል አልወጣቸውም።

ወደ ከተማችን ልመለስ። ጎንደር ላይ ስለ ተቃውሞ አውርቶ ላይ ቤትና ታች ቤትን ዘሎ መሄድ አይቻልም። የመጻሕፍት ትርጓሜ እዚህ በሁለት ቤት ተከፍሎ ነው የኖረው። ታች ቤትን የመሠረቱት በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት መምህር ኤስድሮስ ናቸው ይባላል። ከነበረው ትርጓሜ ጋር አልስማማ ብለው ሌላ ቤት አቆሙ። ሁለቱም ቤቶች ግን በአንድ ቃል ነበር የሚሠሩት፤ «አንድም»። መምህሩ አንዱን ትርጉም ይሰጣል። ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ይጨምራል። አንዳንዴ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይጋፋል። የመጀመሪያው ግን አይሰረዝም። ተማሪው ሁለቱንም በቃሉ ይይዛል። እኔ ጸሐፊ ሆኜ አንድ መስመር መጨመር ከብዶኝ ነበር፤ እነሱ ይህን ሁሉ ያለ ወረቀት ይሸከሙታል።

ነገሩን አላጣፍጠውም። በዚሁ ከተማ የሃይማኖት ክርክር ደም ያፋሰሰበት ዘመን አለ። ጉባኤ ገብቶ በሬሳ የወጣ አለ። አንድም የሚለው ቃል ሁልጊዜ አላዳነም።

አለቃ ገብረ ሐናን ደግሞ ሁላችንም በቀልዳቸው ነው የምናውቃቸው። ሊቅነታቸው ተረስቷል። እሳቸው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። መቋሚያው የሚወዛወዝበት፣ ሰውነት የሚታጠፍበት መንገድ ተለየ። የጣናን ማዕበል አይተው ነው የሚሉ አሉ። እንደሚነገረው የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። አለቃ ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ደብረ ታቦር ላይ ሥር ሰደደ። ይኸው ዛሬ ተክሌ አቋቋም ይባላል። ልብ በሉ፣ የተቃወሙት ስለ ምን ነበር? ስለ አቋቋም! እንዴት እንደሚቆም ነበር ክርክሩ። በአታ የራሱን አልለቀቀም፣ ደብረ ታቦርም የራሱን። አንድ ደብተራ ሁለቱንም ቢያውቅ ያስከብረዋል እንጂ ከሃዲ አያሰኘውም።

እዚህ ላይ ግን አቋምና ቆሞ ቀርነት እንዳይምታቱብን። ቆሞ ቀርም ከዚያው ግንድ ነው። ዘመድ አይመረጥም።

የኔ ሐሳብ የሚፈተንበት ቦታም አለ። ፊት ለፊት መቆም፣ እዚያው መቆየት እያልኩ ነው። መቆሚያ ሲነሳስ? ጎንደር ከመቆርቆሯ ትንሽ ቀደም ብሎ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው ነበር። ወለተ ጴጥሮስ ያን ጊዜ ነበረች። የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1592 ነው። ባሏ የንጉሡ ሹም ነበር። በእምነቷ ምክንያት ከቤቱ ወጣች፣ መነኮሰች፣ በአደባባይ ተቃወመች። ፍርድ ቀረበች። ወደ ቆላው ወደ ዠበይ ተጋዘች። በ1632 ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ፤ ልጃቸው ፋሲለደስ ነገሡ። እሷ ከባሏ «ተለየች» ነው የምንለው ወይስ «ተቃወመች»? ሁለቱም ነው። ከቤቱ ተለየች፣ ከአደባባዩ ግን አልተለየችም። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ስለ ሰልፍ አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። ሰልፍ በግዕዝ ውጊያ ነው። ሰላማዊ ሰልፍ ስንል «ሰላማዊ ውጊያ» እያልን ነው፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 30 ላይ በዚሁ ስሙ ነው የፈቀደው። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. እዚህ ከተማ የወጣውን ሰልፍ ያያችሁ አላችሁ። ለናንተ እኔ አልተርክም።

ከአደባባዩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቤት ነው። ልጅ «አይ አባዬ፣ እንደዚያ አይደለም» ሲል ምን ይባላል? መልስ አትመልስ። ምላሰኛ። ነገረኛ። ጠማማ። እምቢተኛ። አራት ስም ቆጠርኩ፤ አንዱም ምርቃት አይደለም። ከአራቱ በአንዱ ሳይጠራ ያደገ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድ ሰው ብቻ። አንተ ልጅ፣ ዝምተኛ ነበርክ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነበር ንግግሬን ያቆምኩት። ከዚያ የመጣውን ግን መጻፍ አለብኝ።

ጥያቄ ካለ ሲባል ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሱ። ማይክ ሲሰጧቸው አልፈለጉም።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ጥሩ ተናገርህ። አንድ ነገር ግን አልቀበልህም። ተቃወመ የሚለውን ከመቋሚያና ከአቋቋም ጋር አንድ ማድ ላይ አቀረብኸው። ግንዱስ አንድ ነው። እኛ ግን ማኅሌት ላይ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ ሆነን ፊት ለፊት የምንቆመው ልንቃወም አይደለም። ልንቀባበል ነው። ቀኙ ሲያነሳ ግራው ይቀበላል። ፊት ለፊት የቆመ ሁሉ ተቃዋሚ አይደለም። ይህን ሳትናገር ማለፍህ ጉድለት ነው።»

«እውነትዎ ነው የኔታ፣ ግን...» ብዬ ጀመርኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ያ ግንበኛ ቱንቢ ያሉት ደስ ብሎኛል። አንተ ግን የዘነጋኸው አለ። ቱንቢ የሚጥለው ሰው እጁ ከተንቀጠቀጠ ቱንቢውም ይዋሻል። መቃወም ብቻውን አያጸድቅም።»

አዳራሹ አጨበጨበላቸው። ለኔ ካጨበጨቡት ይበልጣል። መልስ ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። በቀኝና በግራው ነገር ተረትቻለሁ፣ በቱንቢው ግን አልተስማማሁም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅም ቢሆን ከሌለ ቱንቢ ይሻላል ባይ ነኝ። ሻይ ላይ ይህንኑ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣን፣ አልተግባባንም።

ስንለያይ «ንግግርህን ታወጣዋለህ አሉ» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

«እንግዲያው የኔም ይጻፍልኝ።»